ድንኳንና መጽሐፍ በመጸው
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ መጥራት ሲጀምር ከጅማና ከአካባቢዋ የሚደርሱን ጥያቄዎች አቅጣጫቸው ይቀየራል። ድንኳን ይዞ መውጣት፣ አገር ማየት፣ ማታ መብራት አስጠግቶ ማንበብ የሚፈልግ ሰው እየበዛ ነው። ከደረሱን መካከል ስምንቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቼ ቅጠሉ ቀልቶ ሲረግፍ ጫካ ገብተው ድንኳን ውስጥ እንደሚያድሩ ፎቶ ይልኩልኛል። በእኛ አገር ለዚያ የሚቀርበው ወቅት የትኛው ነው? ጸደይ ነው ወይስ መጸው? (መምህርት፣ ከጅማ)

መልስ፦ የሚቀርበው መጸው ነው። በባሕረ ሐሳቡ አቆጣጠር መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ነው። በሬዲዮና በዘፈን ይህንኑ ወቅት ጸደይ ማለት ቢለመድም፣ ጸደይ በቆጠራው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። የአካባቢው ሰው በአፋን ኦሮሞ መጸውን «ቢራ» ይለዋል፤ አማርኛውም ደመናው ሲገፈፍ «ብራ ሆነ» ይላል።

የስሙ ነገር ይህ ነው፤ ለድንኳን ግን ስሙ ብቻ አይበቃም። ጅማ ከመሃል አገር ትለያለች። እዚህ ዝናቡ መጋቢት ገደማ ጀምሮ ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። በሸዋ ልማድ «መስቀል አልፏል፣ ዝናብ የለም» ብሎ የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ዶፍ ይወርድበታል። የምንመክረው ከጥቅምት 20 እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለውን ጊዜ ነው። መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው፣ ጤፉ ቢጫ መምታት ይጀምራል፣ ቡናውም ይቀላል። ቅጠል ሲቀላ ለማየት ከፈለጉ እዚህ አያገኙትም፤ በዚህ ወቅት ጅማ ላይ የሚቀላው የቡናው ፍሬ ነው።

ብርዱን ግን አይናቁት። ሰማዩ ሲጠራ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት የሚያስቀርለት ደመና ያጣል። በኅዳር ሌሊቶች ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ደግሞ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴንና ሦስት ልጆቼን ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ ላድር አስቤአለሁ። ጅማ ዙሪያ የት ይሻላል? ማንንስ ነው የማስፈቅደው? (ከሄርማታ መርካቶ)

መልስ፦ ለመጀመሪያ ሌሊት ሩቅ አይሂዱ። ከከተማው መሃል ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ያለው የጅሬን ኮረብታ ይበቃል። አንድ ነገር ቢረሱ፣ ልጅ ቢታመም፣ ድንኳኑ ቢያፈስ በግማሽ ሰዓት ቤትዎ ነዎት። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም እዚያው ስለሆነ ቀኑን ማየት ይችላሉ። በግቢው ውስጥም ሆነ በመስጊዱ አጠገብ ድንኳን አይተከልም፤ ዙሪያው ያለው የግጦሽ ሜዳ ግን ባለቤቱ ከፈቀደ ይሆናል።

ሁለተኛው ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ፣ ከጅማ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደው የሚያገኙት የበለጠ ጫካ ነው። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል የሚያዩት፣ ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር ራሱን ችሎ በቅሎ የሚያገኙት እዚያ ነው። ይህን ለሦስተኛ ወይም ለአራተኛ ጉዞዎ ያቆዩት። የቦዬ ረግረግ ደግሞ ለአዳር አይሆንም፤ ጉማሬ አለበት፣ ጉማሬ ደግሞ ሌሊት ለግጦሽ ከውሃ ይወጣል። ጠዋት ወፍ ለማየት ግን እንደ እሱ ያለ ቦታ በቅርብ የለም።

ፈቃዱ ላይ ሰፋ አድርገን እንመልስ፤ አብዛኛው ጉዞ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ጥቅምትና ኅዳር የቡና ለቀማ ነው። ባለቡናው የዓመት ገቢው ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ሌሊቱን በጥበቃ ያድራል። እንግዳ ሰው ባትሪ እያበራ በቡና መሃል ሲንቀሳቀስ ካየ ሌባ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። «ጫካ ነው፣ ባለቤት የለውም» የሚባል ቦታ ጅማ ዞን ውስጥ የለም ብለው ይነሱ። የበለጠና የጌራ ጫካ እንኳ «ዋቡብ» የሚባሉ የአካባቢው ነዋሪዎች የደን ማኅበራት በጋራ የሚጠብቁት ነው። ዛፍ ላይ የተሰቀለውም ቀፎ ባለቤቱ የታወቀ ነው።

ስለዚህ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት የሁላችሁንም መታወቂያ ይዘው ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይሂዱና የት፣ ስንት ሰው፣ ስንት ሌሊት እንደሆነ ያስመዝግቡ። ቀጥለው የመሬቱን ባለቤት ፊት ለፊት ያነጋግሩ። በመጨረሻም ከዚያው ሰፈር አንድ ሰው በክፍያ አብሯችሁ እንዲያድር ይጠይቁ። ይህ ሦስተኛው ትርፍ ወጪ ይመስላል፤ ነገር ግን ሌሊት «ማነው?» ተብሎ ሲጠራ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው። ሲደርሱ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ሳያልፍ ይድረሱ፤ በጨለማ የመጣ እንግዳ ቦታ አይመርጥም፣ ሰውም አያምነውም።

ሰላምታውን በቋንቋቸው ይጀምሩ። «አካም ጅርቱ» ለብዙ ሰውም ለአንድ ታላቅ ሰውም በአክብሮት ይሆናል። «አስ ቡሉ ደንዴኛ?» ማለት እዚህ ማደር እንችላለን ወይ ነው። ሲጨርሱ «ገለቶማ» ይበሉ። ቡና ከቀረበላችሁ እየተጣደፋችሁ አትነሡ።

ጥያቄ፦ አንድ ጠብታ ዝናብ ሳይጥል ጠዋት ድንኳናችን ከውስጥ ረጥቦ፣ ጋቢያችንም በስብሶ አገኘነው። ድንኳኑ ተበላሽቶ ነው? (ከአጋሮ)

መልስ፦ ድንኳኑ ደኅና ነው፤ የረጠበው ከእናንተ ትንፋሽ ነው። ሁለት ሰው ሌሊቱን ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በትንፋሹ ያወጣል። ከዝናብ የወጣው የጅማ አፈርም ከታች እርጥበት ይለግሳል። ይህ እንፋሎት የቀዘቀዘ ሸራ ሲነካ ጠብታ ይሆናል፤ የፈላ ድስት ክዳን ላይ የሚሆነው ማለት ነው። ሰው ሲበርደው መስኮቱን ሁሉ ይዘጋል፣ በዘጋ ቁጥር ይብሳል። ከላይ ያለውን መተንፈሻ ክፍት ይተዉ፣ በሩንም ከታች በኩል አንድ ስንዝር ያህል ይክፈቱ፤ ቀዝቃዛው አየር ከታች ገብቶ እርጥቡን ከላይ ያስወጣዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ቦታው ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ልክ እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈስና ሸለቆ ውስጥ ይተኛል። ከወንዝ ዳር ይልቅ ከ10 እስከ 20 ሜትር ከፍ ያለ ለጥ ያለ ቦታ ደረቅም ሞቃትም ነው። መሬቱን ማንበብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ቄጤማ ካዩ ውሃው ከእግርዎ በታች ቅርብ ነው፤ ጨፌ ላይ ድንኳን አይተከልም። ሳማ በብዛት ከበቀለ ደግሞ ቦታው የከብት በረት የነበረ ሊሆን ይችላል፤ ሳማ ፍግ ያገኘ አፈር ይወዳል፤ እዚያ የሚጠብቅዎ መዥገርና ቁንጫ ነው። ትልቅ ወርካ ሥር ማረፍ ያምራል፤ ነገር ግን ወርካው «ኦዳ» ሆኖ ሽማግሌ የሚሰበሰብበት ሊሆን ስለሚችል ሳይጠይቁ አይትከሉ። የደረቀ ቅርንጫፍ ካለው ዛፍና ቀፎ ከተሰቀለበት ዛፍ ደግሞ በጭራሽ ይራቁ።

ሦስተኛው አተካከሉ ነው። ከድንኳኑ ሥር የሚነጠፈው ላስቲክ ከድንኳኑ ወለል በየጎኑ አራት ጣት ያህል ማነስ አለበት። ብዙ ሰው «ይበልጥ ይከላከላል» ብሎ ትርፉን ወደ ውጭ ያስወጣዋል፤ ያኔ ከሸራው የወረደውን ውሃ ሁሉ ተቀብሎ ከድንኳኑ ወለል ሥር ያስገባዋል። ካስማውን ከድንኳኑ ወደ ውጭ አጋድመው በ45 ዲግሪ ያህል ይምቱት። የጅማ ቀይ አፈር ሲርስ ስለሚላላ አጭሩ ቀጭን ካስማ ይነቀላል፤ ክንድ የሚያህል ከእንጨት የተጠረበ ይሻላል። ናይለን ሸራ ውሃ ሲጠጣ ይለጠጣል፤ ማታ ወጥሮ የተዉት ሌሊት ረግቦ የውስጡን ጨርቅ ይነካና ውሃውን ያሳልፋል። ስለዚህ ከመተኛትዎ በፊት ተነሥተው አውታሩን እንደገና ይወጥሩ።

ስለ ጋቢውም እንበል። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ደርቆ ሳለ ይሞቃል፣ ከረጠበ ግን ገላን ያቀዘቅዛል። ለዚህ ሱፍ ብርድ ልብስ ወይም በርኖስ ይበልጣል፤ ሱፍ እርጥብ ሆኖም ሙቀት ይይዛል። ብዙው ብርድ ደግሞ ከላይ ሳይሆን ከመሬት ነው የሚመጣው። ከታች ሰሌን፣ በላዩ የገለባ ፍራሽ ወይም ድርብ ስፖንጅ ካነጠፉ ከላይ አንድ ብርድ ልብስ መቀነስ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ከሰል አንድደን ፍሙ ከጠራ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ብናስገባው ችግር አለው? (ወጣት፣ ከሰቃ)

መልስ፦ ይገድላል። ጭስ የሌለው የጠራ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። የተኛ ሰው ራሱን አይታደግም። «በሩን ትንሽ ከፍተን» የሚባለውም አያድንም። ምድጃው ውጭ ይቅር፤ የፈላ ውሃ በጠርሙስ ሞልተው በካልሲ ጠቅልለው እግርዎ ሥር ያድርጉት፣ ለሰዓታት ይሞቃል። አንድ ሰው ራሱን አሞት፣ አቅለሽልሾት፣ አዙሮት ካገኙት ወዲያው ወደ ንጹህ አየር አውጥተው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ የወራጅ ወንዝ ውሃ ንጹህ ነው ይባላል። መጠጣት፣ መዋኘት ይቻላል? ወባስ አለ? (የኮሌጅ ተማሪ)

መልስ፦ ወራጅ መሆኑ ንጹህ አያደርገውም። ከላይ ከብት ይጠጣል፣ ልብስ ይታጠባል። በነጠላ አጥልለው በኃይል እስኪንቦለቦል ካፈሉት በኋላ አንድ ደቂቃ ያቆዩት፤ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ከሆኑ ሦስት ደቂቃ፤ ከፍ ባለ ቦታ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላልና። ለመጠጥና ለምግብ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ይያዙ። ጎንበስ ብሎ ከምንጭ በአፍ መጠጣት ሌላ ጣጣ አለው፦ ትንሽ አልቅት ከውሃው ጋር ገብቶ አፍንጫ ወይም ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል። መዋኘቱን ይተዉት፤ በአካባቢው ወንዞች ብልሃርዝያ አለ፣ የሚገባውም በቆዳ ነው።

ወባ አለ፣ በተለይም ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ወራት የሚበረታበት ነው። የግልገል ግቤ ግድብ ዳርቻና የጎጀብ ሸለቆ ከጅማ ከተማ ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ ግድቡ ሲጎድል ዳርቻው ላይ የሚቀሩት ኩሬዎች ለትንኟ መራቢያ ይመቻሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ረጅም እጅጌና ሱሪ ይልበሱ፣ የድንኳኑ መረብ ቀዳዳ እንደሌለው ቀን በብርሃን ይፈትሹ፣ አጎበሩንም ይዘው ይሂዱ። ከተመለሱ በኋላ እስከ አንድ ወር ድረስ ትኩሳት ከመጣ «ጉንፋን ነው» ሳይሉ ደም ያስመርምሩ፤ የት እንዳደሩም ለሐኪሙ ይንገሩ። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር አይሂዱ፤ ለረጅም ጊዜ ሲደጋገም የእግር እብጠት ያመጣል።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ይዤ ሄጄ ስመለስ ገጹ ተጣጥፎ፣ ልባዱም ለቅቆ ነበር። እንዴት ይጠበቃል? ለማንበቢያስ ምን ዓይነት መብራት? (ከጅማ)

መልስ፦ ወረቀት እርጥበት ከአየር ይጠጣል። ሌሊት ያብጣል፣ ቀን ይደርቃል፤ ገጹ የሚጣመመው በዚህ መመላለስ ነው። ልባዱ የሚለቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው ለማድረቅ ብሎ እሳት ዳር ስለሚያስቀምጠው ነው፤ ሙጫው በሙቀት ይላላል። መጽሐፉን መጀመሪያ በንጹህ የጥጥ ጨርቅ፣ ከዚያ አፉ በሚዘጋ ላስቲክ ያሽጉት። ጨርቁ የሚያስፈልገው ላስቲኩ ውስጥ የሚፈጠረውን ጤዛ እንዲጠጣ ነው። ሌሊት የድንኳኑን ግድግዳ እንዳይነካ መሃል ላይ፣ ከልብስ ቦርሳ ውስጥ ያኑሩት። ከረጠበ ግን አይዝጉት። በየ10 ገጹ ነጭ ሶፍት ወይም ያልታተመ ወረቀት እየከተቱ፣ ጥላ ውስጥ አቁመው ነፋስ ይምታው፤ ሶፍቱን በየሁለት ሰዓቱ ይቀይሩ። ረጥቦ የታሸገ መጽሐፍ በሁለት ሦስት ቀን ይሻግታል። ብርቅ መጽሐፍ፣ የአባት የእናት ቅርስ የሆነ ቅጂ ግን ቤት ይቅር።

መብራቱን በተመለከተ ኃይለኛ አያስፈልግዎትም። ከ30 እስከ 50 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ያለው ሞቅ ያለ ቢጫ ብርሃን ከትከሻዎ በላይ ከኋላ ሲሰቀል ገጹን እኩል ያበራል። ፊት ለፊት የተቀመጠ ነጭ መብራት ዓይን ከማድከሙም በላይ የሰፈሩን ነፍሳት ሁሉ ይጠራል። መረቡን ሳይዘጉ መብራት አያብሩ። በስልክ ለሚያነቡ፦ 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት (mAh) የተጻፈበት የኃይል ባንክ ሲሞላና ሲያስተላልፍ ሲሶው ገደማ ይባክናል፤ ስለዚህ መካከለኛ ስልክ አንዴ ተኩል ያህል ይሞላል ብለው ያስሉ። ስልኩን ወደ አውሮፕላን ሁነታ ያዙሩት፤ ሞገድ በሌለበት ጫካ ሲፈልግ ያድራልና ባትሪውን የሚጨርሰው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ 12 ተማሪዎች ያሉት የንባብ ክበብ አለን። ድንኳን ይዘን ስንወጣ ምን እናንብብ? ልብ ወለድ ይዘን እንሂድ ወይስ የታሪክ መጽሐፍ? (የክበቡ አስተባባሪ፣ ከሊሙ)

መልስ፦ ደስ የሚል ጥያቄ ነው፣ ከሊሙ መምጣቱም ይበልጥ። በእኛ አስተያየት የሚሄዱበትን ቦታ የሚመለከት ጽሑፍ ይቅደም፤ ልብ ወለዱ ለመኝታ ሰዓት ይቆይ። ጅሬን ላይ ተቀምጦ ስለ ጅሬን የተነበበ ገጽ ከልብ አይጠፋም።

ከአምስቱ የግቤ መንግሥታት ይጀምሩ፦ ሊሙ ኢናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ እና ጅማ። ስሞቻቸው ዛሬም የወረዳና የሰፈር ስም ሆነው ስላሉ ተማሪዎቹ በካርታ ላይ ራሳቸው ያግኟቸው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ሲገዙ፣ ለምኒልክ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆይተዋል። ይህን ቤተ መንግሥቱ ሰገነት ሥር አንብበው ወደ ታች ሲመለከቱ፣ ከተማው ከሄርማታ ገበያ ዙሪያ እንዴት እንዳደገ በዓይን ይታያል።

ከዚያ ወደ ራሳችሁ አገር ልጅ ወደ አስቴር ጋኖ ይሂዱ። በልጅነቷ ከሊሙ ኢናርያ በባርነት ተወስዳ፣ በ1886 እ.ኤ.አ. የጫናት መርከብ ሲያዝ ነፃ ወጥታ በምጽዋ አቅራቢያ ሞንኩሎ ተማረች። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ከተረጎመው ከአናሲሞስ ነሲብ ጋር ያዘጋጀችው የኦሮምኛ ማንበቢያ በ1894 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ተረቶችንና የሕዝብ ዜማዎችን በትዝታዋ ይዛ ነው የጻፈችው። ጽሑፉ በግእዝ ፊደል ስለሆነ ቅጂ ወይም ስካን ካገኙ ኦሮምኛ የማይናገረውም ተማሪ ድምፁን ማንበብ ይችላል፤ የሚናገረው ደግሞ ይተረጉምለታል። በአንድ ድንኳን ውስጥ ሁለቱም ተማሪ አስፈላጊ የሚሆንበት ንባብ ይኸ ነው።

የውጭ መንገደኞችን ማስታወሻ ካነበቡ በጥንቃቄ ይሁን። ጣሊያናዊው አንቶንዮ ቼኪ በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደዚህ መጥቶ ጌራ ላይ ታግቶ ነበር፤ ባልደረባው ኪያሪኒም እዚያው በ1879 እ.ኤ.አ. ሞተ። የታገተ ሰው ስላገተው አገር የጻፈው መሆኑን ተማሪው እያወቀ ያንብብ፣ አጠገቡ ካለ ሽማግሌ ጋርም ያስተያየው።

አሠራሩን በተመለከተ፦ 12ቱን በአራት አራት ይክፈሉ። ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ውጭ የተቀመጠ ልጅ ጆሮው ወደ ጉሬዛው ይሄዳል። ደብተሩን መሃል ለመሃል አስምረው በግራ «መጽሐፉ ያለው»፣ በቀኝ «እዚህ ያየሁት፣ የሰማሁት» ይጻፍ። ለምሳሌ በግራ ቡና የካቲትና መጋቢት ያብባል ካለ፣ በቀኝ የቀላው ፍሬ በየትኛው ከፍታ ቀድሞ እንደደረሰ ይሰፍራል፤ ቆላማው ቀድሞ ይቀላል። የሚጠየቁትን አዛውንት አስቀድመው ያነጋግሩ፣ የለቀማ ወቅት ስለሆነ ማታ ላይ ይሁን፣ በአንድ ጊዜ ከአራት ልጅ በላይ አይክበባቸው። ድምፃቸውን ለመቅዳት ፈቃድ ይጠይቁ። ቡና የተሰጣበት አልጋ አጠገብ እሳት አታንድዱ፤ ቡናው የጭስ ሽታ ይጠጣና ለባለቤቱ ዋጋ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ሌሊት ጅብ ቢመጣስ? (ስማቸውን ያልጻፉ እናት፣ ከሸቤ)

መልስ፦ ጅቡ የሚመጣው ለሥጋው ትርፍራፊ ነው። አጥንትና ትርፍራፊ ምግብ ከድንኳኑ 50 ሜትር ርቆ ይቀበር፣ ልጆችም ሌሊት ብቻቸውን አይውጡ። ቀን ቀን የሚያስቸግረው ዝንጀሮና ጦጣ ነው፤ ዳቦውን በክዳን በሚቆለፍ ባልዲ ያኑሩት።

ከጅብ ይልቅ በጅማ ጫካ እንቅልፍ የሚነሳው ጉንዳን ነው። ከዝናብ በኋላ ሰልፍ ሠርቶ ይጓዛል፤ ድንኳኑ መንገዱ ላይ ከሆነ ሊዞር አይፈልግም። ከመትከልዎ በፊት በዙሪያው 20 እርምጃ ያህል እየዞሩ ሣሩን ገለጥ አድርገው ይዩ፤ የጣት ስፋት ያለው፣ ሣሩ የተረጋገጠበት ቀጭን መስመር ካገኙ ቦታ ይቀይሩ። አመድ መበተን ለጊዜው ያዘገየዋል፣ ጤዛ ሲወርድበት ግን ኃይሉ ያልቃል። ሌሊት ከመጣ አይዋጉት፤ ልጆቹን አውጥተው ልብሳቸውን ያራግፉ፣ ሰልፉ እስኪያልፍ ይጠብቁ። የድንኳኑን ዚፕ እስከ መጨረሻው መዝጋት፣ ጫማንም ውስጥ አስገብቶ መተኛት አይርሱ።